አባቴ የሚቀመጡበት

ሰው በርጩማ ሲገዛ አይቀመጥበትም። ይህን የተማርሁት ሰቆጣ ገበያ ላይ የፕላስቲክ ዕቃ መሸጥ ከጀመርሁ ወዲህ ነው። ገዢው ያነሳዋል፣ ይገለብጠዋል፣ እግሩን በጥፊ ይመታዋል፣ "ቀይ የለሽም?" ይለኛል፣ ሰማያዊውን ይዞ ይሄዳል። ዕቃው የተገዛለት የአካል ክፍል ግን አንድም ቀን ሐሳቡን አይጠየቅም። እኔም ሞክረው ብዬ አላውቅም። ከሞከረው እግሩ ወደ ጎን ሲከፈት ያየዋላ።

እንዲህ ያለች ሴት ለራሷ ቤት መቀመጫ መምረጥ ሲመጣባት ቀላል ይመስላል። ለእኔም መስሎኝ ነበር።

አባቴ ዝቋላ ወረዳ፣ ከጽጽቃ አለፍ ብላ ያለች ቀበሌ ውስጥ መሪጌታ ናቸው። ዕድሜያቸውን በሙሉ ማሕሌት ላይ መቋሚያቸውን ተደግፈው የቆሙ ሰው ናቸው። እናቴ ካረፈች ወዲህ ቤቱን የያዙት ብቻቸውን ነው። ዘንድሮ በጋው ሊወጣ ሲል ደጃፋቸው ላይ አዳልጧቸው ወደቁ። ፍየሎቿን ልታወጣ የወጣችው ጎረቤት እስክታገኛቸው ድረስ እዚያው ጤዛ ላይ ነበሩ። "ለምን አልተጣሩም?" ብላቸው፣ "ማንን ልጥራ? ሰው ገና አልተነሳ" አሉኝ። ሰው መቀስቀስ ነውር መስሏቸው በብርድ የተኙ አባት ናቸው እንግዲህ።

ሰቆጣ አምጥቼ አሳከምኋቸው። አጥንት አልተሰበረም፤ ዳሌያቸው ግን ክፉኛ ተጎድቷል። የሆስፒታሏ ባለሙያ ለእኔ ነጥላ ነገረችኝ፤ ብዙ እንዳይቆሙ፣ ዝቅ ያለ ነገር ላይ እንዳይቀመጡ፣ ሲቀመጡ ዳሌያቸው ከጉልበታቸው በታች እንዳይወርድ። በመጨረሻ ደግሞ፣ "ብቻቸውን አይኑሩ። ሁለተኛ ከወደቁ እንዲህ አናወራም" አለች።

እኔ በዚያች ሰዓት ቆርጬ ተነሳሁ። አባቴ ወደዚያ ባዶ ቤት አይመለሱም። እዚሁ፣ እኔ ቤት፣ ወፍራም መቀመጫ ላይ ሆነው ያረጃሉ። ይህን ለእሳቸው አልነገርኋቸውም። ገና ገበያ የገባ ሰው የሚፈልገውን ዕቃ በጣቱ አያሳይም።

ቤቴ ገቡና ሳሎኑ መሐል ቆሙ።

"ይቀመጡ እንጂ አባ።"

"ደኅና ነኝ።"

"እግርዎ እኮ ነው የታመመው።"

"የቆመው መቋሚያው ነው። እኔ ተደግፌዋለሁ።"

ሶፋዬን አሳየኋቸው። ከደሴ በጭነት ያስመጣሁት፣ አበባ አበባ ያለበት፣ የሰፈሩ ሴቶች ሁሉ ዳሰው የሄዱት ሶፋ ነው። አባቴ ግን አልዳሰሱትም። በመቋሚያቸው ጫፍ ነካ አደረጉት። ጫፉ ገባ፣ ገባ፣ ጠፋ።

"ይህ ሰው ይውጣል" አሉ።

እውነታቸውን ነበር። ሶፋ ሲሸጥ ልስላሴው ይነገራል እንጂ መነሳቱ አይነገርም። እኔ ራሴ ከዚያ ሶፋ ላይ የምነሳው ሁለት ጊዜ ተወዛውዤ ነው። የታመመ ዳሌማ አንዴ ከገባ በሰው ካልሆነ አይወጣም።

ከሱቄ አንደኛውን ፕላስቲክ በርጩማ አመጣሁ። ወፍራሙን፣ ለራሴ ዘመድ ብቻ የምሰጠውን። ሴራሚኩ ላይ ሳስቀምጠው ሲጢጥ ብሎ ተንሸራተተ። አባቴ አዩት፤ ከዚያም እኔን አዩኝ።

"ማን ሞቶ ነው?"

"ምነው አባ?"

"ይህ የለቅሶ ድንኳን ዕቃ አይደለም እንዴ? ያረፈ ሰው ካለ ንገሪኝ፤ ፍትሐቱ ላይ ልድረስ።"

በዚያ ቀን ሲደክማቸው ገብተው አልጋ ላይ ጋደም አሉ፤ ሲነሱ እንደገና ቆሙ። በማግሥቱም እንዲሁ። ሰውየው እንደ በር መቀርቀሪያ ሆኑብኝ፤ ወይ ቀጥ፣ ወይ ጋደም፤ መካከል የላቸውም። ማታ ማታ ዳሌያቸው ያቃስታቸዋል። እኔ ደግሞ ባለሙያዋ "ብዙ እንዳይቆሙ" ያለችው ጆሮዬ ላይ ይጮኻል።

ጎረቤቴ የጁስና የቡና ቤት አላት። ችግሬን ስነግራት፣ "አንቺ ደግሞ! ዘመናዊ ነገር አሳይተሻቸው ታውቂያለሽ?" ብላ ከባንኮኒዋ ፊት የሚቆመውን ረጅም በርጩማ ራሷ ተሸክማ መጣች። አንድ የብረት እግር፣ ከላይ ክብ መቀመጫ፣ ሲነኩት የሚሽከረከር።

"የአዲስ አበባ ሰው በሙሉ በዚህ ነው የሚቀመጠው፣ አባቴ" አለቻቸው።

አባቴ በጣታቸው ገፋ አደረጉት። ዞረ። እስኪቆም ጠበቁት።

"ዶሮ ነኝ ወይ ቆጥ ላይ የምትሰቅሉኝ?"

ጎረቤቴ እስክትታጠፍ ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም። ልቤ እልህ ውስጥ ገብቶ ነበር። ዕቃ ሻጭ ነኝ፤ ዓመቱን ሙሉ ሰው የማይፈልገውን ዕቃ አስይዤ እሰድዳለሁ። ለአንድ ሽማግሌ መቀመጫ ማግኘት አቅቶኝ ልቀር ነው?

ከዚያ በኋላ በዘዴ ሄድሁበት። ጋደም ባሉበት ጉልበታቸውን ለካሁ፤ ከተረከዛቸው እስከ ጉልበታቸው መታጠፊያ የእኔ አንድ ክንድ ሆነ። ዳሌ ከጉልበት ከፍ እንዲል ሁለት ጣት ጨመርሁበት። አንድ ክንድ ከሁለት ጣት። ይህን በአእምሮዬ ይዤ ወደ ብየዳ ቤት ሄድሁ፤ አራት እግር ያለው፣ እግሩ ጎማ የተጫማ፣ ከላይ ጠንካራ ስፖንጅ በሌዘር የተለበጠ በርጩማ አሠራሁ። አይንሸራተት፣ አይሽከረከር፣ አይውጥ። በሠራሁት ነገር እንዲህ ኮርቼ አላውቅም።

አባቴ ዞረው ዞረው አዩት።

"ጥሩ ነው" አሉ።

"እንግዲያስ ይቀመጡ።"

"ለእንግዳ ይሁንሽ።"

ቆሙ።

በገበያው ቀን ሱቄን ለጎረቤቴ አደራ ብዬ ወደ ታች ወረድሁ። ባሕር ዛፉ ሥር አንድ አሮጌ ዕቃ ሰብሳቢ አለ። ገጠር ለገጠር እየዞረ ያረጀ ነገር ይለቅማል፤ ላሊበላ ወስዶ ለፈረንጅ ለሚሸጡ ሱቆች ያስረክባል። ዝቅ ያለ የዋንዛ ዱካ፣ ሦስት እግር ያለው ከአንድ ግንድ የተፈለፈለ በርጩማ፣ ጆሮው የተሰበረ ገበታ፣ ሁሉንም ጆንያ ላይ ደርድሮታል። እኔ ያሰብሁት እንዲህ ነበር፤ አባቴ የዘመኑን ነገር ካልወደዱ የድሮውን ይወዳሉ።

"ይኼ የባላባት በርጩማ ነው፣ እትዬ" አለኝ አንዱን ብድግ አድርጎ። "የቅድመ አያቶችሽ ዘመን ነው።"

ገለበጥሁት። አሸተትሁት።

"ቅድመ አያቶቼ ባለፈው ወር ነበሩ እንዴ?"

"ምን ማለትሽ ነው?"

"ያረጀ በርጩማ የሚያብለጨልጨው ሰው የተቀመጠበት ቦታ ላይ ነው። ይኼ ሆዱ ሥር ሁሉ ያብለጨልጫል። እዚህ ላይ የተቀመጠው ባላባት ሳይሆን ቅቤ ነው። ጭሱም ገና ትኩስ ነው።"

"አንቺማ ፕላስቲክሽን ሽጪ!"

"ፕላስቲክ ቢያንስ ዕድሜውን አይዋሽም።"

አጠገቡ የተቀመጡት እህል ሻጮች ሳቁ፤ እሱም ሳይወድ ሳቀ። ከዚያ ወዲያ የውነቱን አወጣልኝ። ዱካዎቹ ሸጋ ነበሩ፤ መሐላቸው ለሰው እንዲመች በሰው ተሞርዷል። ግን ስንዝር ተኩል እንኳ አይሞሉም፤ ባለሙያዋ ብታያቸው ትጮኽ ነበር። ሦስት እግር ያለውም ጥሩ ነው፤ ሦስት እግር መሬቱ ጠማማ ቢሆን እንኳ አይወዛወዝም። እሱም ዝቅ አለብኝ። ክንዴን እያቆምሁ ስለካ ሰውየው፣ "አቡጀዲ ነው እንዴ የምትገዢው?" አለኝ።

ከሁሉ ሥር አንድ ነገር አየሁ። አራት የወይራ እግር ያለው፣ ላዩ በበሬ ጠፍር የተጠላለፈ፣ ከፍ ያለ በርጩማ። ጠፍሩ መሐሉ ላይ በመጠኑ ረግቧል፤ በአንድ ሰው ክብደት፣ በአንድ በኩል። ክንዴን አቆምሁ። አንድ ክንድ ከሁለት ጣት። ልቤ ዘለለ፤ ፊቴን ግን እንደ ድንጋይ አደረግሁት። ደስታዬን ካየ ዋጋው ባላባት ይሆናላ።

ተጨቃጨቅን፣ ሁለት ጊዜ ጥዬው ሄድሁ፣ ሁለት ጊዜ ጠራኝ፣ በመጨረሻ ተሸክሜው ወጣሁ።

አባቴ በር ላይ አገኙኝ። ከመጡ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ መቋሚያቸውን ግድግዳው ላይ አስደገፉ። በርጩማውን ተቀበሉኝ፤ ገለበጡት፤ የጠፍሩን አቋጣጠር በአውራ ጣታቸው እየተከተሉ ሄዱ።

"ይህ የእኛ አገር ሥራ ነው" አሉ።

"እኮ!"

"ከየት መጣ?"

"ከገበያ። ባሕር ዛፉ ሥር አሮጌ ዕቃ ጆንያ ላይ የሚደረድር፣ አዲሱንም ቅቤ ቀብቶ አሮጌ ነው የሚል ሰውዬ አለ።"

"ገበያ አይወልድም። ከማን ቤት ነው?"

"እኔ ምን አውቄ አባ።"

ቀስ ብለው መሬት ላይ አኖሩት፤ የተኛ ልጅ እንደሚያኖር ሰው።

"በርጩማ እግር ቢኖረው ብቻውን ከቤት አይወጣም" አሉ። "ወይ ባለቤቱ ሞቷል። ወይ ደግሞ ልጁ ወስዳ ከተማ አስቀምጣዋለች።"

በርጩማውን ወደ ግድግዳው ገፋ አደረግሁት።

"ይቀመጡ ትይኛለሽ። ጧት ይቀመጡ፣ ማታ ይቀመጡ። እኔ ልታከም ነው የመጣሁት፤ ታከምሁ፤ እሄዳለሁ። ምን አስቀመጠኝ? እኔ እዚህ ስቀመጥ ያ ቤት ይዘጋል። የተዘጋ ቤት ደግሞ መጀመሪያ በሩ ይወሰዳል፤ ከዚያ ማገሩ። የእናትሽ ገበታ እዚያ ሰውዬ ፊት ጆንያ ላይ ይደረደራል። ቅቤም ይቀቡታል።"

መቋሚያቸውን አነሱና ቆሙ።

እኔ ያን ለታ ሱቄ ውስጥ ተቀምጬ ለገዢ መልስ መስጠት አቃተኝ። በአፋችን ወንበር ላይ የሚያርፍም ቤት የሚኖርም ያው አንድ ነው፤ ሁለቱም ተቀመጠ ይባላል። "የት ነው የምትቀመጪው?" ብሎ የሚጠይቀኝ ሰው ስለ በርጩማዬ አልጠየቀም። እኔ ይቀመጡ ባልሁ ቁጥር አባቴ የሰሙት "ቤትዎን ይዝጉ" የሚለውን ኖሯል። የለመንኋቸው ዳሌያቸውን እንዲያሳርፉ ብቻ ነው ብዬ ልምል እችል ነበር። ግን በልቤ የፈለግሁት ሁለቱንም ነው፤ እሳቸውም ያወቁብኝ ያንን ነው። መሪጌታ ናቸው፤ ኅብረ ቃል ያለበት ቅኔ ሲፈቱ ሰሙን ትተው ወርቁን ማውጣት ልማዳቸው ነው። እኔ ነኝ ሰም ይዤ የቆየሁት።

በማግሥቱ ጧት ሻዩን ቀድቼ ብየዳ ቤት ያሠራሁትን በርጩማ አቀረብሁ።

"አባ፣ ቁጭ ይበሉ።"

አዩኝ።

"ቁጭ ልበል?"

"ሻዩ እስኪያልቅ ቁጭ ይበሉ።"

ቁጭ አሉ።

እንዲሁ፣ ያለ ክርክር። ዳሌያቸው ከጉልበታቸው ሁለት ጣት ከፍ ብሎ፣ ጀርባቸው ቀጥ ብሎ፣ ሻያቸውን ፉት አሉ። ጎረቤቴ በበሩ ብቅ ብላ አየችና እጇን አፏ ላይ አደረገች።

ወጥቼ ሳገኛት፣ "ምን አደረግሻቸው?" አለችኝ።

"ቃል ቀየርሁ።"

"ቃል ብቻ? እኔ መድኃኒት ያጠጣሻቸው መስሎኝ!"

ደስታዬ ሻዩ ከማለቁ በፊት አለቀ። አባቴ ብርጭቆውን መለሱልኝና፣ "ዓርብ ወደ ጽጽቃ የሚወጣ መኪና አለ?" አሉ። ቁጭ ያለ ሰው እንግዳ ነው። እንግዳ ሻዩን ጠጥቶ ይሄዳል። ዳሌያቸውን አስቀመጥሁ፤ አባቴን ግን አላስቀመጥሁም።

ዓርብ ከመድረሱ በፊት አባቴን ለጎረቤቴ አደራ ብዬ እኔ ቀድሜ ጽጽቃ ሄድሁ። ለአባቴ "ሸማዎን ላመጣልዎ" አልኋቸው። የልቤ ግን ሌላ ነበር፤ የገዛ በርጩማቸውን አምጥቼ ፊታቸው ላስቀምጥ። የሰው ቤት ዕቃ ካልፈለጉ የራሳቸው ይምጣ። ጭነት መኪና ላይ ተሰቅዬ፣ ከዚያም ያንን ቁልቁለትና ዳገት በእግሬ ተያይዤው፣ ጉልበቴ ባለሙያዋ ጋ መሄድ ሲያምረው ደረስሁ።

ቁልፉ ፍየሎቿን ስታወጣ አባቴን ካገኘቻቸው ጎረቤት ዘንድ ነበር። አብረን ከፍተን ገባን። ቤቱ ቀዝቅዟል፤ ምድጃው ግራጫ ነው። በርጩማ ፈለግሁ። ከበሩ ጀርባ የለም፤ ጓዳ የለም፤ ቆጡ ላይ የለም።

"መሪጌታ የሚቀመጡበት በርጩማ የት አለ?"

"የምን በርጩማ?" አለች ሴትዮዋ። "ኧረ አንቺ! ይኸው መደቡ!"

መደቡ ከበሩ ቀጥሎ በግድግዳው ልክ ተሠርቷል። ድንጋይና ጭቃ ነው፤ ላዩ በአዛባ ተለቅልቆ የፍየል ቁርበት ተነጥፎበታል። ቁርበቱን ገለጥሁት። መሐሉ ላይ ልስልስ ያለ ጎድጓዳ አለ፤ አንድ ሰው ብዙ ዘመን የነበረበት። እዚያ ሆኜ ወደ ውጭ አየሁ። የቤተ ክርስቲያኑ ጽድ፣ የመንገዱ አፍ፣ የሚመጣው ሁሉ ይታያል።

እኔ በዚያ ቤት ተወልጄ አድጌያለሁ። አባቴ በርጩማ እንደሌላቸው አላስታወስሁም። ከመደብ የተነሳን ሰው መደብ ልሰጠው ሲገባ፣ ስንት የሚነሳና የሚወሰድ ነገር ፊታቸው ደረደርሁ! የሚነሳ ነገር ደግሞ አንድ ቀን ይወሰዳል፤ እሱን ነው የፈሩት።

መደቡን በክንዴ ለካሁት። አንድ ክንድ ሊሞላ ትንሽ ጎደለው። ለእሱ መላ አለኝ።

ከዚያ ወደ ሴትዮዋ ዞርሁ። ልጇ በጥር ሙሽራ አምጥቶ ከእሷው ጋር አንድ ቤት ውስጥ ተጨናንቀዋል። መምጣቴን ከሰማች ጀምሮ ሙሽራይቱ ድስት ታጋጫለች፤ ቤት የጠበባት ሴት ድምፅ ነው።

"ልጅሽና ሙሽራይቱ እዚህ ይግቡ" አልኋት። "ኪራይ አልፈልግም። እሳት ይንደድ፣ ጭስ ይውጣ፣ ጣሪያው ሲያፈስ ይክደኑት። የእናቴ ዕቃ ካለበት አይነቃነቅ። መሪጌታ ለበዓል ሲመጡ መደቡ የሳቸው ነው።"

"ይሁን፣ ደስ ይለኛል። መሪጌታ ፈቅደዋል?"

"አልፈቀዱም።"

"ከልክለዋል?"

"አልከለከሉም።"

"እንዴ! ታዲያ ምን አሉ?"

"አልጠየቅኋቸውም።"

ሴትዮዋ አማተበች። ግን ቁልፉን አልመለሰችልኝም።

ሰቆጣ እንደተመለስሁ ሶፋውን ሸጥሁት። ጎረቤቴ በዐይኗ ስትከታተለኝ ቆይታ፣ ሐሙስ ጧት አባቴ ከቤት እንደወጡ ግንበኛው ድንጋይና ጭቃ ሲያስገባ አላስቻላትም።

"ሰው ጭቃ አውጥቶ ሴራሚክ ያስገባል። አንቺ ሴራሚክ ላይ ጭቃ? አበድሽ እንዴ እህቴ?"

"ዘመናዊ ነው።"

"የቱ አገር ዘመናዊ?"

"የዝቋላ።"

ግንበኛውም አላመነኝም። በሲሚንቶ ልሥራልሽ አለኝ፤ እምቢ አልሁ። ሲሚንቶ ዳሌ ያቀዘቅዛል። ከበሩ ቀጥሎ፣ ወደ መንገዱ የሚያይ፣ ከፍታው አንድ ክንድ ከሁለት ጣት። አንድ ጣት እንዳይጎድል ከራሱ ላይ አልተነሳሁም።

አባቴ ከሆስፒታል ክትትላቸው ሲመለሱ ግንበኛው የላዩን ጭቃ እየለሰነ ነበር። በር ላይ ቆሙ። ድንጋዩን፣ ጭቃውን፣ በሩን አፈራርቀው አዩ። ግንበኛው እንኳ ማንኪያውን አቆመ።

"ምንድን ነው ይህ?"

"መደብ ነው።"

ጠጋ ብለው በመቋሚያቸው መቱት። ጫፉ አልገባም፤ አልተንሸራተተም፤ አልዞረም። ጣታቸውን ጭቃው ውስጥ ከተው አሹት።

"ጭዱ አንሷል" አሉ ለግንበኛው። "ሲደርቅ ይሰነጠቃል።"

"ጨምሬያለሁ አባቴ።"

"አልጨመርህም። የጤፍ ጭድ አምጣ። የስንዴው ይወጋል።"

ግንበኛው እኔን አየኝ። እኔ ጭድ ወደሚሸጥበት በአገጬ አሳየሁት። ሲወጣ አባቴ ወደ እኔ ዞሩ።

"ይህን ማን ይወስደዋል?"

"ማንም አይወስደውም። የሚወስደው ካለ ቤቱን አፍርሶ ይውሰደው።"

"ኧሄ።" ጭቃውን ከጣታቸው ጠረጉ። "ቤቴስ?"

እዚህ ላይ ልዋሽ እችል ነበር። ዕቃ ስሸጥ ከዚህ ባነሰ ነገር ዋሽቼ አውቃለሁ። ግን ይህንን ውሸት አባቴ በአንድ ዓርብ መኪና ይደርሱበታል። ስለዚህ ነገርኋቸው፤ ሙሽሮቹን፣ ምድጃውን፣ የእናቴን ዕቃ፣ ሁሉንም።

ፊታቸው ተለወጠ።

"ሳትጠይቂኝ?"

"ብጠይቅዎ እምቢ ይሉኝ ነበር።"

"እምቢ እል ነበር!"

"አውቃለሁ። ለዚህ ነው ያልጠየቅሁዎ።"

"ነጋዴ!" አሉኝ። አባቴ ይህን ቃል ሲሉት ለስድብ ነው። መቋሚያቸውን ይዘው ወደ ውጭ ወጡ፤ ደጃፉ ላይ ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ቆሙ። ገበያተኛው ሲያልፍ እጅ ይነሳቸዋል፤ ይባርካሉ፤ ግን ወደ እኔ አይዞሩም። እኔም አልተከተልኋቸውም። ዋጋ ተናግሬያለሁ፤ ከዚህ በኋላ ዝም ብሎ መጠበቅ ነው። የቸኮለ ሻጭ ራሱ ዋጋውን ያወርዳል።

ግንበኛው ጭዱን ተሸክሞ ሲመለስ ተከትለውት ገቡ።

"ሙሽራይቱ" አሉ ግድግዳውን እያዩ፣ "እሳት ማዳፈን ታውቃለች?"

"የገጠር ልጅ አይደለች አባ? ታውቃለች።"

"የዛሬ ልጅ በክብሪት ነው የሚያምን። የዚያ ቤት እሳት ሲዳፈን አመዱ ወደ ግራ ነው የሚሰበሰብ፤ በበሩ የሚገባው ነፋስ አለ። ንገሪያት።"

"እልክባታለሁ።"

"ባልየውን ደግሞ በምሥራቅ በኩል ያለውን ክዳን ዝናቡ ሳይገባ ያድስ በይው። ሰንበሌጡን ከሩቅ አያምጣ፤ ከወንዙ ማዶ እኔ ያጠርሁት አለ። እዚያ ያለችውን የኮሶ ዛፍ እንዳይነካ።"

"እሺ አባ።"

"የእናትሽን ገበታ ከግድግዳው ያርቁት፤ ምስጥ አለ።"

"እሺ።"

ግንበኛው ጭዱን ደባልቆ እንደገና መለሰን ጀመረ። አባቴ አጠገቡ ሆነው ዝቅ ብሏል፣ ከፍ ብሏል፣ ጥጉን አክብበው እያሉ ያዝዙታል። በመሐል ደግሞ ወደ እኔ ዞር እያሉ ሌላ መልእክት ይጨምራሉ፤ ስለ አጥሩ፣ ስለ ጎታው ክዳን፣ በሁለት ዓመት አንዴ ብቻ ስለምታፈራው ኮክ። እኔ ለሁሉም እሺ እላለሁ። ነገ የሚሄድ ሰው መልእክት አይልክም፤ ራሱ ይዞት ይሄዳል። ይህን ገብቶኛል። ለአፌ ግን አልነገርሁትም። ገዢ ዕቃውን ብብቱ ውስጥ ሲያስገባ የሚናገር ሻጭ አይቼ አላውቅም።

"ለሰዎቹ ዛሬውኑ ላኪባቸው" አሉኝ። "ሰማዩ ጠቁሯል።"

ስልኬን አነሳሁና ወደ ውጭ ወጣሁ።